በሳምሶን ሠርግ ላይ የተሰማው ልሳን

የምነግራችሁን ሰምታችሁ «ይሄ ሰውዬ ግማሹን አጋንኗል» ብትሉ አልቀየማችሁም፤ አጋንኛለሁ። ችግሩ፣ ያላጋነንኩት ግማሽ ካጋነንኩት ይብሳል። የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት አትድከሙ። እናቴ እንኳን ወልዳኝ አልቻለችም።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ አገሩ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ፣ ከመቅጠኔ የተነሳ ነፋስ ባለበት ቀን ኪሴ ውስጥ ከባድ ነገር ሳልይዝ ከቤት የማልወጣ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ኤርፖርት ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። የምኖረው ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር፣ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ አልማዝና ከልጇ ከቤቲ ጋር፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ሲሆን የኔ መኝታ ሳሎን ያለው ሶፋ ነው። አውሮፕላን ከጣራችን በላይ ሲያልፍ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ማዕበል ይነሳል። ጸሎት ላይ ከሆንን «አሜን» የምንለው እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

እትዬ አልማዝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የኳየሩ መሪ። ቤቷ ውስጥ ዘፈን የሚባል ነገር አይገባም። የአማርኛም ይሁን የእንግሊዝኛ፣ ዓለማዊ ከሆነ ደጅ ይቀራል። ሬዲዮናችን የሚያውቀው ዜናና የአየር ጠባይ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ማስታወቂያው ሙዚቃ ሲጀምር እትዬ አልማዝ በሊጥ እጇ ሮጣ መጥታ ትዘጋዋለች። በዚህ ሁሉ ጥበቃ መሃል ግን አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ካርቱን።

ቤቲ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች። አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፤ ስትመልስ በእንግሊዝኛ ነው። በጣም ስትናደድ ወይም ስትደነግጥ ብቻ ወደ አማርኛ ትመጣለች። የጓደኛዋ ወንድም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጃፓን ካርቱን የሚያዩ ተማሪዎች ክበብ አለው። ከጃፓን የመጣውን የቪዲዮ ካሴት ከምስሉ ሥር የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጽፉበትና እየገለበጡ ያከፋፍላሉ። ካሴቱ ተገልብጦ ተገልብጦ እኛ ቤት እስኪደርስ፣ ታሪኩ በረሃ ላይ ቢሆን እንኳ ስክሪኑ ላይ በረዶ ይዘንባል።

«ካርቱን አይደለም አንክል ታዴ፣ አኒሜ ነው!» ትለኛለች።

«እሺ አኒሜ። ዓይናቸው ግን ምን ሆኖ ነው? ትሪ ያክላል።»

«ሻት አፕ! እየተለያዩ ነው!»

ሁልጊዜ እየተለያዩ ነው። እኔ የማውቀው ካርቱን ሰው ከገደል ወድቆ፣ አቧራውን አራግፎ የሚሮጥበት ነው። የቤቲ ካርቱን ግን ሌላ ነው። ልጁ ፎቅ የሚያክል የብረት ሰው ውስጥ ገብቶ ሊዋጋ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ትቀራለች፣ ዝናብ ይጀምራል፣ ከዚያ ዘፈኑ ይመጣል። ለቤቲ ጦርነቱ ጉዳይዋ አይደለም። ከየካርቱኑ የመለያያ ዘፈኖቹን ብቻ እየቀዳች አንድ የድምፅ ካሴት ሞልታ፣ የትምህርት ዕረፍቱን በሙሉ እሱን ስታዞር ከረመች።

«ለምንድነው የሚያስለቅሰው ብቻ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምክንያቱም አይሳደቡም» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። «እዚህ አገር ዘፈን ላይ ሲለያዩ ሰውዬው ይሰደባል። እናንተ አገር ደግሞ ሰውዬው ይለመናል። እነዚህ ግን ‹አመሰግናለሁ› ብለው ነው የሚሄዱት። ኢት ኪልስ ሚ፣ አንክል።»

እትዬ አልማዝ ኩሽና ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማዋለች። ከቃሉ አንዱንም አታውቅም፤ ዜማው ግን አልከበዳትም። ያው የኛው ዓይነት ነው፤ አምስት ድምፅ ላይ ወርዶ ወጥቶ አንጀት የሚበላ። ጃፓንና ጎጃም ድሮ አንድ አጥር ተካፍለው ሳይኖሩ አይቀሩም። «ይሄ የልጆች መዝሙር ደስ ይላል፤ እርጋታ አለው» ትላለች። ቀዳዳዋ ይህቺ ነበረች።

በዚያ ሰሞን የኳየሩ ጊታር ተጫዋች ጓደኛዬ ሳምሶን ራሄልን ሊያገባ ቀን ተቆረጠ። እትዬ አልማዝ ለሠርጉ አዲስ መዝሙር ልታወጣ ቃል ገባች። በኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አይጻፍም፤ ይሰጣል። ሰው ይጸልያል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዜማው ይሰጠዋል። አንድ ከሰዓት፣ ቤቲ ለትምህርት ዕረፍቱ ወደያዘችው ሥራ ሄዳ ቤት በሌለችበት፣ እትዬ አልማዝ ከመኝታ ቤቷ ዓይኗ ቀልቶ ወጣችና «ተሰጠኝ» አለች። ቆማ ዘመረችልኝ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር በሙሉ ተነሳ።

«እትዬ፣ ከዚህ በፊት የማውቀው ያህል ነው ልቤ ውስጥ የገባው!»

«መንፈሳዊ ዜማ እንደዚያ ነው» አለችኝ።

ኳየሩም ሲሰማው እንደዚያው አለ። ግማሹ ኳየር ልብስ ሊያስተካክል፣ ሻይ ሊጠጣ እኛ ቤት ሲመላለስ የከረመ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ሶሎውን የምትዘምረው መሲ ናት። መሲን እወዳት ነበር። ይህን ከመሲ በስተቀር ዋይትሆል በሙሉ ያውቃል፤ የአፓርትመንቱ ጽዳት ሠራተኛ እንኳን «እንዴት ሆነልህ?» ይለኝ ነበር። መሲ ሲያትል ያለ እጮኛዋን ብዙ ዓመት ጠብቃለች። ወረቀቴ ይለቅ፣ ትምህርቴ ይለቅ፣ ሥራ ልያዝ ሲላት ቆይቶ፣ አንድ ቀን በስልክ ሲያወሩ ከኋላው የሕፃን ለቅሶ ሰማች። «የማን ልጅ ነው?» አለችው። ዝምታው ነው የነገራት። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ዘምራ አታውቅም፤ እትዬ አልማዝ «ለሳምሶን ስትይ» ብላ ለምና ነው ያስነሳቻት።

የመዝሙሩ አዝማች «መንገዱ ቢርቅም፣ ቀኑ ቢመሽ እንኳ፣ ጌታ ሆይ እጠብቅሃለሁ» ይላል። መሲ «እጠብቅሃለሁ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰበራል። በየልምምዱ፣ እዚያው ቦታ። በተሰበረ ቁጥር ደግሞ የኳየሩ ኪቦርድ ተጫዋች እኔ፣ ከኪቦርዱ ኋላ ሆኜ ቀልድ እወረውራለሁ። «አይዞሽ እህት መሲ፣ ጌታ እየመጣ ነው፣ ሀይዌዩ ላይ ትራፊክ ይዞት ነው» እላለሁ። ኳየሩ ይፈነዳል፣ እሷም ዓይኗን ጠርጋ ትስቃለች፣ ልምምዱ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔም የሰው ሕይወት እንዳተረፈ ሐኪም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ እገባለሁ።

«ቅዳሜ ከሠርጉ በኋላ እንድታገባኝ ልጠይቃት ነው» አልኳት እትዬ አልማዝን።

«እንዳታደርገው።»

«ለምን?»

«ያችን መዝሙር እስከ መጨረሻዋ ሳትዘምር ልቧ ያለው ሲያትል ነው። ቅዳሜ ከጨረሰቻት ጠይቃት። ካልጨረሰቻት አፍህን ይዘህ ቫንህን ንዳ።»

እንግዲህ የኔ ዕድል በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቅዳሜ ደረሰ።

ጠዋት ቤቲንና የኳየሩን ልብስ መኪናዬ ውስጥ ጭኜ ሠርጉ ወዳለበት አዳራሽ፣ ወደ ሬይኖልድስበርግ እነዳለሁ። ቤቲ የዎክማኗን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። እኔ መዝሙሩን አንጎራጉራለሁ። ቤቲ ድንገት ዘወር አለችና አንድ ጆሮዋን ገለጠች።

«አንክል ታዴ፣ ዘፈኔን ለምንድነው የምትዘፍነው?»

«የምን ዘፈን? ለእናትሽ የተሰጣት መዝሙር ነው።»

ማዳመጫውን አውልቃ ጆሮዬ ላይ ጫነችው።

አንድ ጊዜ ሙሉ ቫን መንገደኛ ይዤ በረዶ ላይ እንደ እንዝርት ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ግን አልደነገጥኩም። የጃፓናዊቷ ድምፅ ወጣ፣ ወረደ፣ ታጠፈ። የእትዬ አልማዝ መዝሙር ነው። መግቢያው፣ አዝማቹ፣ መሲ የምትሰበርበት ቦታ ሳይቀር።

«ምንድነው የሚለው?» አልኩ።

«መለያየት።»

«ትንሽ መለያየት ነው ወይስ…»

«አንክል፣ ኢት ኢዝ ዘ ብሬክአፕ ሶንግ! ከካሴቴ መጀመሪያ ላይ ያለው እሱ ነው።» በሳቅ ልትሞት ደረሰች። ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋና ጥርት ባለ አማርኛ «እማዬን ያማታል» አለች።

ወደ አማርኛ ከመጣች ነገሩ ከባድ ነው።

«ማን ያውቀዋል?» አልኳት፣ ራሴን ለማጽናናት። «ኦሃዮ ውስጥ ይሄን የምታውቁት አንቺና ጓደኞችሽ ናችሁ። የአበሻ ሠርግ ላይ ጃፓናዊ አይመጣ!»

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ትዝ አለኝ። ሳምሶን የሚሠራው ጃፓኖች ያቋቋሙት የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አለቃውን ሚስተር ሞሪን ለሠርጉ ጠርቶታል። ተቀብዬ ቦታ እንዳስይዘው የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አዳራሹ ስደርስ እትዬ አልማዝ አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይዛ የአንዷን ዘማሪ ቀሚስ ታስተካክላለች።

«እትዬ፣ መዝሙሩ የጃፓን ካርቱን ዘፈን ነው። ያውም የመለያያ!»

«ታዴ፣ ዛሬ አይሆንም» አለች በመርፌ ቁልፎቿ መሃል።

«እየቀለድኩ አይደለም!»

«ሁልጊዜ ‹እየቀለድኩ አይደለም› ነው የምትለው። ባለፈው ‹መኪናዎ ተጎተተች› ብለህ ፓስተር ግርማን በካልሲ ፓርኪንግ ሎት ድረስ አላስሮጥካቸውም?»

አስሩጫቸዋለሁ።

«ቤቲ ትንገርሻ!»

«ልጄንም አሠልጥነሃታል። ሂድና ኪቦርድህን ሰካ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

ሚስተር ሞሪ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። አጠር ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በር ላይ ላሉት ሽማግሌዎች ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሽማግሌዎቻችን በመጎንበስ የሚበልጣቸው ሰው አይተው አያውቁምና ከእሱ ዝቅ ብለው ጎነበሱ። እሱ ደግሞ ከእነሱ ዝቅ አለ። እነሱም ጨመሩ። መሃል ገብቼ ባላስቆማቸው ኖሮ ሁሉም ወለሉ ላይ ይደርሱ ነበር። ወስጄ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከምሰሶ ኋላ፣ ድምፅ ማጉያው በማይደርስበት ወንበር አስቀመጥኩት። ለጥንቃቄ ሳህኑን ሞልቼ አቀረብኩለት። ሰው አፉ ምግብ ከሞላ ጆሮው ይዘጋል ብዬ።

ቃል ኪዳኑ አለቀ፣ ቀለበት ተደረገ፣ ምሳ ተበላ። ፓስተር ግርማ ኳየሩን ጠሩ። እጄን ኪቦርዱ ላይ ሳሳርፍ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። መሲ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ጀመረች።

አንደኛው ስንኝ በሰላም አለፈ። ምሰሶውን አየሁ፤ ሚስተር ሞሪ ሹካውን አስቀምጧል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከምሰሶው ኋላ አንገቱ ብቅ አለ። አዝማቹ መጣ። «መንገዱ ቢርቅም…» «ቀኑ ቢመሽ እንኳ…» መሲ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ…»

ድምፅዋ ተሰበረ።

ኳየሩ ቆመ። አዳራሹ ዝም አለ። ሙሽሮቹ ተያዩ። መሲ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉን ታያለች። እኔ ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ አፌን ከፍቻለሁ። በዚህ መሃል ነው ከምሰሶው ኋላ የሰው ድምፅ የመጣው።

ሚስተር ሞሪ ቆሟል። እጁን ከጎኑ አድርጎ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ መሲ ካቆመችበት ድምፅ ላይ አንስቶ ይዘምራል። በጃፓንኛ። ሰውዬው ዜማ አይችልም፤ እውነቱን ልናገርና ያረጀ በር ሲከፈት ነው የሚመስለው። ግን ቀጠለ።

አዳራሹ በሙሉ ዘወር አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ልሳን! ልሳን ወረደበት!» ብለው ጮኹ።

አልቋል። «አሜን!» ከግራ፣ «ሃሌ ሉያ!» ከቀኝ። ሚስተር ሞሪ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በኛ ሠርግ ላይ መንፈስ ቅዱስ ጎብኝቶት በማይታወቅ ቋንቋ አናገረው! ሽማግሌዎቹ ሊጸልዩለት ከበቡት፤ አንዱ ራሱ ላይ እጁን ጫነ፣ ሌላው ትከሻውን ያዘ። ምስኪኑ ሞሪ የአበሻ ሠርግ ላይ እንግዳ ሲዘፍን እንዲህ ይደረግ እንደሆነ ገምቶ መሰለኝ፣ መሃላቸው ሆኖ ጎንበስ ጎንበስ ይላል። ሳምሶን ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አለቃዬ ዳነ እኮ!» አለኝ፤ እንባ አቅርሯል።

ፓስተር ግርማ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «ወገኖች፣ ሥርዓት አለን። በልሳን የሚናገር ካለ የሚተረጉም ሊኖር ይገባል። ከመካከላችሁ ትርጉሙ የተሰጠው አለ?»

ከወጣቶቹ ጠረጴዛ አንድ እጅ ተነሳ። የቤቲ።

የእትዬ አልማዝን ደስታ ማየት ነበረባችሁ። ለልጇ ስንት ዓመት ስትጸልይ የነበረችው ለዚህ ቀን ነው። «ጌታ ሆይ ተመስገን!» ብላ ወንበር ያዘች።

«አማርኛዬ ኢዝ ኖት ኢነፍ» አለች ቤቲ ማይክሮፎኑን ይዛ። «በእንግሊዝኛ ልበል፣ አንክል ታዴ ይተርጉም።»

በቤተ ክርስቲያናችን የእንግሊዝኛ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ፈረንጅ ሰባኪ ሲመጣ እሱ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ እኔ ከዚያ ላይ ተነስቼ ሕዝቡን እያሳቅኩ ግማሽ ስብከት እጨምርበታለሁ። ማይክሮፎኑ ሲሰጠኝ ሰዉ ገና ከአሁኑ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

ቤቲ ከካርቱኑ ምስል ሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ በቃሏ ታውቀዋለች። የመጀመሪያውን መስመር አለች። ወደ ጆሮዬ ሲገባ እኔ ቡራኬውን አሰናድቼ ነበር። ባቡር ጣቢያውን የሠርግ አዳራሽ ማድረግ፣ ዝናቡን በረከት ማድረግ፣ መለያየቱን አንድነት ማድረግ፤ ለኔ የዕለት እንጀራዬ ነው። እህቴ ትድናለች፣ ሠርጉ ይድናል፣ ሰዉ ይስቃል።

መሲ መድረኩ ላይ እንደቆመች ናት። ቀና ብላ አየችኝ። እንደ ሌሎቹ ፈገግ ብላ አይደለም። የምትሰማው ነገር የሚያስፈልጋት ሰው ዓይን ነበር። ከዚያ በፊት ድምፅዋ ሲሰበር ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የሚስቀውን ሕዝብ ነበር የማየው።

አንድ እጄ አሁንም ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ያቆመችበትን ድምፅ ተጭኜ ይዤዋለሁ።

«ባቡሩ ሲመጣ እጄን አልዘረጋም» አልኩ።

አዳራሹ የሚስቅበትን ቦታ ይጠብቃል።

ቤቲ ቀጠለች፤ እኔም ቀጠልኩ። «ጃንጥላህን በሩ ላይ ትቼልሃለሁ። ዝናቡን አብረን አይተናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ብቻዬን አያታለሁ።»

የሙሽራዋ እናት፣ ከአዲስ አበባ ለሠርጉ የመጡት ወይዘሮ ዘነበች፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምንድነው የሚለው ይሄ ልጅ?»

ቤቲ የመጨረሻውን መስመር ስትል ድምፅዋ ቀነሰ። እኔም ወደ መሲ እያየሁ አልኩት። «አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ግን አልጠብቅህም።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ይሰማል፤ ምንጣፉ ሲያድግ ይሰማል ብል ታምኑኛላችሁ?

«በልጄ ሠርግ ላይ!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ቤቲ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አኒሜው፣ ካሴቱ፣ የብረቱ ሰው፣ ባቡር ጣቢያው። እኔ እያንዳንዱን ቃል ምንም ሳልጨምር ተረጎምኩ። እትዬ አልማዝ ቀስ ብላ ተነሳች። ፊቷ ላይ ደም የለም።

«ፓስተር፣ እኔ… ተሰጠኝ ብያለሁ። በጉባኤ ፊት ተሰጠኝ ብያለሁ። ዘፈን ነው ለካ።»

ፓስተር ግርማ ግን የሚያዩት ሚስተር ሞሪን ነበር። በእንግሊዝኛ ጠየቁት። «ወንድሜ፣ ለማን ነው የዘመርከው?»

ሞሪ መሀረቡን አወጣና ነገራቸው። ሚስቱ ኦሃዮን አልወደደችውም፤ ተለያይተው ልጃቸውን ይዛ ወደ ጃፓን ተመልሳለች። ይህን አኒሜ ከልጁ ጋር ሆኖ ያይ ነበር፤ ዘፈኑ ሲመጣ ልጁ ሶፋው ላይ ቆማ ትዘፍናለች። «እዚህ አገር የሚያውቀው ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» አለ። «የቤታችሁን ደስታ ስለረበሽኩ ይቅርታ።» እንደገና ጎነበሰ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ወይዘሮ ዘነበች እስከ መጨረሻው ሰሙና ማዕዱ ጋ ወደቆሙት አስተናጋጆች ዘወር ብለው «ምን ትገተራላችሁ? ለዚህ ሰው ዶሮ ጨምሩለት እንጂ!» አሉ።

ፓስተር ግርማ ወደ እትዬ አልማዝ ዞሩ። «እህት አልማዝ፣ ጌታ ዜማ ሲሰጥ በየት በኩል አዙሮ እንደሚልክ አልነገረንም። ይኸኛው በጃፓን በኩል ዞሮ መጥቷል፤ ደክሞታል፤ አስቀምጪው።» መጀመሪያ የሳቀችው ቤቲ ናት፣ ከዚያ ሙሽራዋ፣ ከዚያ አዳራሹ። እትዬ አልማዝ እያለቀሰች ትስቃለች። ያን ቀን ሰው ያሳቀው እኔ አልነበርኩም።

ሳቁ ሲበርድ መሲ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አቀረበች። «ፓስተር፣ ከመጀመሪያው ልዘምረው?»

«ዘምሪ ልጄ።»

ዘመረች። ሚስተር ሞሪ መቀመጫው ላይ ሆኖ ከሥሯ ያንጎራጉራል። አዝማቹ መጣ። እኔ መተንፈስ አቆምኩ። «መንገዱ ቢርቅም፣ ቀኑ ቢመሽ እንኳ፣ ጌታ ሆይ…» እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። እሷ በአማርኛ «እጠብቅሃለሁ» ስትል፣ በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ድምፅ ላይ፣ እሱ በጃፓንኛ «አልጠብቅህም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እስከ መጨረሻው ሄደች። እልልታው ጣሪያውን ከተሻገረ በኋላ ነው የተነፈስኩት።

አመሻሽ ላይ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ኪቦርዱን መኪናዬ ውስጥ ሳስገባ መሲ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች።

«ስቆም ቀልድ መጥቶልህ ነበር» አለችኝ። «አይቼሃለሁ።»

«መጥቶልኝ ነበር።»

«ከዚያ ስትተረጉም ደግሞ መጣልህ።»

«መጣልኝ።»

«ለምን ተውከው?»

«አላውቅም። ስታዪኝ አፈርኩበት መሰለኝ።»

ጫማዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አደረገችው። ለዚህች ሰዓት ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር መሰላችሁ! አበባ ነበረበት፣ ግጥም ነበረበት፣ አንድ ቦታ ላይ አውሮፕላንም ነበረበት። አንዱም አልመጣም።

«መሲ፣ እወድሻለሁ። እንድታገቢኝ እፈልጋለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«እሺ፣ ቀጥል» አለች።

«ምኑን?»

«የሚያስቀውን።»

«የለውም።»

«የለውም?»

«በቃ ይኸው ነው።»

መኪናዬን ተደገፈች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስት ሲታጠብ ይሰማል። ሳምሶንን የሚያጅቡት መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ወጡ። በመጨረሻ ፈገግታዋ ከአንድ ጎን ጀመረ።

«እንግዲያው ድገመው» አለችኝ። «የመጀመሪያውን፣ ቀልዱን ስጠብቅ በደንብ አልሰማሁትም።»

ደገምኩት።

ይኸው ዛሬ ጎፈሬዬ ሄዶ ቦርጬ መጥቷል፤ መሲም አለችኝ። ሚስተር ሞሪ አገሩ እስኪገባ ድረስ እሁድ እሁድ እኛ ቤት ምሳ ይበላ ነበር፤ ልጁ ለዕረፍት ስትመጣ ከቤቲ ጋር ሶፋዬ ላይ ቆመው ሲዘፍኑ እትዬ አልማዝ ከኩሽና ሆና ሁለተኛውን ድምፅ ትይዝላቸዋለች። «ዘፈን አይደለም፤ የሞሪ ልጅ መዝሙር ነው» ትላለች። መዝሙሩም ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አለ። በየሠርጉ ይዘመራል፤ አንዱም ሙሽራ አልተፋታበትም። (ይቺን አጋንኛለሁ፤ አንድ አለ።)

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ቀልድ አልተውኩም፤ ብተወው ደግሞ መሲ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ግን ሰው አጠገቤ ሲያለቅስ ቶሎ ብሎ ማሳቅ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ያስፈራኝ የነበረው የሷ እንባ ሳይሆን ያች ጸጥታ እንደነበረች የገባኝ፣ አንድ የማያውቃት ሰው ከምሰሶ ኋላ ተነስቶ ጸጥታው ውስጥ ሲገባ አይቼ ነው። እሱ አላጽናናትም፤ አላሳቃትም። ያቆመችበትን ያዘላት።

ስለዚህ ከጎናችሁ የሰው ድምፅ ሲሰበር፣ የምትሉት ቢጠፋባችሁ አትጨነቁ። እኔ ኪቦርዱ ላይ እንዳደረግኩት፣ እጃችሁን ባለበት ቁልፍ ላይ አቆዩት፤ ድምፁን ብቻ ይዛችሁ ጠብቁ። ከየት እንደሚቀጥል ባለቤቱ ያውቃል።